ተነሥቶ ያልደረሰ ባቡር

ጥቅምት 4

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቆኛል።

ሥራዬ ያው ነው። ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ አንሶላ ከሚታጠብበት፣ አልወጣሁም። ዘንድሮ ግን የፈረቃ ኃላፊ አድርገውኛል። ቀን እንፋሎት ውስጥ ቆሜ ስቆጣጠር እውላለሁ፣ ማታ እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ እቀመጣለሁ። ሹመት የሚሉት ይኼው ነው።

የምጽፍልዎት ስለ እናቴ ነው። ድሮ እርሷ እየነገረች እርስዎ ሲጽፉልኝ ሁለት ገጽ ሙሉ ወቀሳ ነበር። መቼ ነው የምትመጪው፣ ከሳሽ ወይ፣ ሰው አላገኘሽም ወይ። ያለፈው ደብዳቤ ግን አንዲት መስመር ብቻ ናት። «ደኅና ነኝ፣ ጣቢያ ነኝ» ትላለች። የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ባቡሩ ከቆመ፣ ሐዲዱ ከተነቀለ ስንት ዘመኑ። እናቴ ጣቢያ ምን ትሠራለች?

ዘንድሮ እመጣለሁ ብዬ ነበር። አዲሱ ኃላፊነት ፈቃድ አላሰጥ አለኝና ለሚቀጥለው ዓመት አዛውሬዋለሁ። እንዳይከፋት አድርገው ይንገሩልኝ፤ እርስዎ ሲሏት ትሰማለች።

ያኔ አገር ለቅቄ ለመሄድ ስቸኩል ጣቢያውን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም። የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ እዚያ ምን እንዳስቀመጣት ምናልባት ይገባኝ ይሆናል።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 11

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከእንፋሎቱም ከብርዱም ይጠብቅሽ፤ ሹመትሽን ያጽናልሽ፤ እግርሽንም ያበርታልሽ። እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤሽ እስኪደርስ ወር ገደማ ፈጀ፤ እኔም ብዕር አንሥቼ ስንት ጊዜ አስቀመጥሁ። ውሸት እንዳልጽፍ ፈራሁ፤ እውነቱን ልጻፍ ስል ደግሞ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። የተማርሁት ቲኬት ለመቁረጥ የሚበቃ ያህል ነውና አጻጻፌን ታገሺኝ።

ጣቢያው መጀመሪያ የተሠራው ለሰው አልነበረም፤ ለኖራ ነው። ከጋራው ሥር የኖራ ድንጋይ ካባ ነበር። ኩባንያው ከዋናው መሥመር አንድ ቅርንጫፍ ገንጥሎ እስከ ካባው ዘረጋ፤ ጣቢያውንም ከመንደሩ አርቆ ሜዳ ላይ ተከለው። ውኃው ያለው እዚያ ነው፤ የዚያን ጊዜ ባቡር ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ሰዉ «ጣቢያ አይደለም፣ ገንዳ ነው» እያለ ይስቅ ነበር አሉ። ኋላ አንድ ፉርጎ ለሰው ተጨመረ። ካባው ሲነጥፍ ኖራው ቀረና ሰው ብቻ ይጫን ጀመር።

የሚሄድ ሰው ማለቴ ነው። ቲኬት የምቆርጠውም፣ መብራት የማበራውም፣ ደወል የምመታውም እኔ ነበርሁና አውቃለሁ። የመሄጃ እንጂ የመመለሻ የሚጠይቀኝ አልነበረም ማለት ይቻላል። የመንደሩ ልጅ ሁሉ በዚያ ሄደ፤ አንቺም።

ደወሌ እንኳ ደወል አይደለም። ከጣሪያው ወራጅ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው፤ በመዶሻ ይመታል። ሕጉ እንዲህ ነበር። ባቡሩ ከወዲያኛው ጣቢያ ሲነሣ በስልክ ይነግሩኛል፤ አንድ ጊዜ እመታለሁ። «ተነሥቷል፣ መንገድ ላይ ነው» ማለት ነው። ጭሱ ከመታጠፊያው ሲታይ ሁለት እመታለሁ፤ ሰው ዕቃውን አንሥቶ ከመሳፈሪያው ጠርዝ ይርቃል። ሊሄድ ሲል ሦስት። ከሦስቱ በኋላ ማንም ቢሆን አይሳፈርም።

መሥመሩ ሲዘጋ ሐዲዱን ነቅለው በካሚዮን ጫኑት፤ የስልኩንም ሽቦ ጠቅልለው ወሰዱት። ቁራጩን ግን ደወል መሆኑን ስላላወቁ ተዉት። እኔንም ተዉኝ። ቤቱ የኩባንያው ነው፣ ውጣ ያለኝ ግን የለም።

ሚስቴ ያኔ ታማ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ባቡሩ ይመጣበት በነበረው ሰዓት፣ ትረበሻለች። «ምነው ዝም አለ? ምነው ሳይነሣ ቀረ?» ትለኛለች። ተዘግቷል ብላት አይገባትም። አንድ ቀን ወጥቼ አንድ መታሁ። «ተነሣ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ እመታላት ጀመር። ሁለት መትቼ አላውቅም፤ ለማን ብዬ፣ እርሷ እንደሆነ ተኝታለች። ካረፈችም በኋላ ልማዱ አልተወኝም። አንድ እመታና ጸሎቴን እጀምራለሁ። ሰዉም እንደ ሰዓት ይጠቀምበት ነበር። ምን ክፋት አለው ብዬ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ጸሎቴን ጨርሼ ስወጣ የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዱቄቱ ከቅንድቧ አልተራገፈም።

«ምነው ደኅና?» አልኋት።

«ደኅና ነኝ። ተነሥቷል አይደል?» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ ልብስ ሰፊው መጣ፤ ዩኒፎርምሽን አጥብቦ ያስለቀሰሽ፣ እርሱው ነው። ሻንጣ ይዟል።

«ልትሄድ ነው ልትቀበል?» አልሁት።

«ሲመጣ ይታወቃላ።»

«ምኑ ነው የሚመጣው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስትደውል ትኖርና እኛን ትጠይቃለህ?» አለኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያው እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም መጡ። ሁሉም ልጅ የሄደባቸው ናቸው። ዕቃ ይይዛሉ። አያወሩም። በመካከላቸው የአንድ ሰው ያህል ቦታ እየተዉ ይቀመጡና ወደ መታጠፊያው ያያሉ። ሐዲዱ በነበረበት ላይ ሣር በቅሏል፤ በሁለቱ መሥመር ልክ ግን ሣሩ ተኝቷል፣ እንደተረገጠ። ፍየሎች እዚያ ሲደርሱ ቆም ብለው ግራ ቀኝ ያያሉ፣ እንደ ድሮው።

እናትሽ ነሐሴ ላይ ገባችበት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴን ይዛልኝ የኖረች፣ ጎረቤቱን በሳቅ የምትገድል ሴት፣ አሁን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም። ደብዳቤሽን አነበብሁላት። «ለሚቀጥለው ዓመት» የሚለው ላይ ስደርስ ሻርፗን ከሚስማሩ አወረደች። «ቶሎ ጨርሰው፣ ሰዓት ደርሷል» አለችኝ።

ምን ላድርግ? አንቺ ብዙ አይተሻልና ምከሪኝ። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። ደብዳቤዎን በአውቶቡስም በምሳ ሰዓትም አነበብሁት። እንዳይቀየሙኝ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ደወሉን ይተዉት። ካልሰሙ አይመጡም። አንድ ቦታ የተሰበሰቡ ያዘኑ ሰዎች ናቸው፣ እርስ በርስ ተያይተው ነው የመጡት፤ እዚህ ሆስፒታልም ስንቱን አያለሁ። የሣሩ ነገር የዝናብ ውኃ የሄደበት ይሆናል። ፍየሎቹን ደግሞ ይተዉልኝ፣ ፍየል ሁልጊዜም ግራ ቀኝ ታያለች።

ለእናቴ ወፍራም ሹራብ ልኬያለሁ። ቀይ ነው፣ የምትወደው ዓይነት። ስትለብሰው ምን እንዳለች ይጻፉልኝ። ጸሎትዎን ያለ ደወልም ፈጣሪ ይሰማል ብዬ አምናለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 28

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

የላክሽው ሹራብ በደኅና ገብቷል፤ እጅሽን ይባርከው። እናትሽ በእጇ ዳሰሰችው፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ለመንገድ ይሆናል» አለች። ሌላ ያለችው የለም።

እንዳልሽኝ ደወሉን ተውሁት። መዶሻውንም አልጋዬ ሥር ሸሸግሁት። አልረዳም፤ እንዲያውም ባሰ። ድሮ አንድ ስመታ ነበር የሚመጡት፤ አሁን መቼ እንደሚነሣ ስለማያውቁ ከጠዋት ጀምረው ይቀመጣሉ። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ይውላል። እናትሽ ምሳ ይዤላት ብሄድ «እበላ ስል እንዳያመልጠኝ» ትላለች። ከስታለች፤ ልደብቅሽ አልችልም። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ በክር አሥራዋለች።

«እህቴ፣ መምታት ትቻለሁ እኮ። የተነሣ ባቡር የለም» አልኋት።

ሕፃን እንደሚያባብል ሰው አየችኝ። «ዛሬ አልተነሣ ይሆናል። እስከ ዛሬ የተነሣውስ የት ደርሶ ነው?»

እንቅልፍ አጣሁ። ልክ ናትና። በሥራችን ሕግ አንድ የተመታለት ባቡር ወይ ደርሷል ይባላል፣ ወይ ተመልሷል ተብሎ ይነገራል። መንገድ ላይ የሚቀር ባቡር የለም። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በየቀኑ «ተነሥቷል» ስል ኖሬ አንዱንም አላስገባሁም። እንግዲህ የት ነው ያለው? ጸሎቴንስ በሐሰት ምልክት ስጀምር ነበር ወይ እያልሁ ራሴን እመረምራለሁ። ለሚስቴ ስል ነበር፤ እርሷ ከሞተች በኋላ ግን ለማን ስል ነበር?

ትላንት ደመና ነበር፣ ፀሐይ አልወጣም። ሰዉ ሳያየኝ ወርጄ ከሣሩ ሥር ያለውን የሐዲዱን ጠጠር በእጄ ነካሁት። ሞቋል። እጄን ትንሽ አቆየሁት፤ ጠጠሩ ይንቀጠቀጣል፣ ባቡሩ ከወዲያኛው ድልድይ ሲደርስ እንደሚያደርገው። ተነሥቼ ገባሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ላንቺ ጻፍሁት።

ፈጣሪ ማስተዋሉን ላንቺም ለእኔም ይስጠን።

አጎትሽ


መጋቢት 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። ቀለበቷን በክር አሰረችው የሚለውን ካነበብሁ ወዲህ ምግብ አልዋጥልኝ ብሏል። ስለ ጠጠሩ አልከራከርዎትም። ከዚህ ሆኜ ጠጠር መንካት አልችልም።

አንድ ነገር ግን አስቤያለሁ። የጣቢያው ሰው እርስዎ ነዎት፤ ሌላ የላቸውም። አንድ ብለው ያቆሙትን እርስዎው ይጨርሱት። ሁሉም ባሉበት ሁለት ይምቱ፤ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ይምቱ፤ ሄደ ማለት ነው። መጥቶ ከሄደ ምን ይጠብቃሉ? ዕቃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። እኛም እዚህ የማጠቢያ ማሽኑ ዑደቱን ሳይጨርስ መብራት ሲጠፋ በሩ አይከፈትም፤ እንደገና አስነሥተን እስኪጨርስ እንለቀዋለን እንጂ በግድ አንሰብረውም።

እናቴን ከመጠበቅ ያሳርፉልኝ። እንድትበላ፣ እንድትተኛ፣ እንደ ድሮዋ እንድትስቅ ብቻ ነው የምፈልገው። አደራ፣ አይዘግዩ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 19

ለተከበሩ አጎቴ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ያለፈው ደብዳቤዬ ካልደረሰ፣ ሲደርስ አይክፈቱት። ከደረሰም ያልሁትን አያድርጉ።

እዚህ አንሶላ የምትተኩስ ሴትዮ አለች፣ በዕድሜ ከሁላችን ትበልጣለች። ትላንት ካውያዋን ሳታቆም «አገርሽ የምትሄጂው መቼ ነው?» አለችኝ። «ለሚቀጥለው ዓመት» አልኋት።

«ማን ይቀበልሻል?»

«እናቴ ናታ። ገና ሳልነሣ መንገድ ላይ ትቆማለች» አልኋት፤ እንደ ቀልድ ነው ያልሁት።

«ታድለሻል። የእኔዋ አንድ ዘመን ላይ መጠበቁን ተወችው። ከዚያ ወዲህ ቲኬት ልገዛ እሄድና ባንኮኒው ጋ ስደርስ ለምን እንደመጣሁ ይጠፋኛል» አለችኝ። አንሶላውን አጥፋ ሌላ አነሣች።

 አጎቴ፣ ከመጠበቅ ያሳርፉልኝ ብዬ ጽፌልዎታለሁ። የምትጠብቀው እኮ እኔን ነው። ምን ብዬ እንዳዘዝሁዎት ያኔ አልታየኝም።

ኃላፊነቱን መልሼላቸዋለሁ። ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ ሰኔ ላይ እመጣለሁ። ትጠብቀኝ። በማንኪያም ቢሆን እያጎረሷት ያቆዩልኝ። ሁለቱን አይምቱ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 6

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ልብሽን አስቀድሞ ያበርታልሽ። እናትሽ በሕይወት አለች፣ ጤነኛም ናት፤ ይህን ይዘሽ ነው የቀረውን የምታነቢው።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሚያዝያ ሲገባ ደረሰኝ። ሁለተኛው የደረሰኝ እናትሽ ሹራቡን መልበስ ከጀመረች በኋላ ነው። በመካከሉ ያዘዝሽኝን አድርጌያለሁ።

አንብቤው ብዙ ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ እናትሽ ከአግዳሚው ስትነሣ ጉልበቷ ከዳት፤ ልብስ ሰፊው ደገፋት። ያን ሳይ መዶሻውን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። እጄን ታጠብሁ፣ ጸለይሁ፣ ከወራጁ ሥር ቆምሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐዩ ጥሩ ነበር፣ ሁሉም ነበሩ። ሁለት መታሁ።

ተነሡ። ማንም አልተጣደፈም። ዕቃቸውን አንሥተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጠርዙ ወደ ኋላ ራቁ። ልብስ ሰፊው የወፍጮ ቤቷን ሴትዮ እጅጌዋን ይዞ ሳብ አደረጋትና «ጠጋ በይ፣ ይመታሻል» አላት። እኔ ምንም አላየሁም፤ ፈጣሪ ምስክሬ ነው። ግን የእናትሽ ሻርፕ ወደ አንድ ወገን ተነሣ፣ የሁሉም ልብስ ወደዚያው ተነሣ፤ ከኋላቸው ያለው ዛፍ አንድ ቅጠል አላንቀሳቀሰም። አፌ ውስጥ ኖራ ኖራ አለኝ። የሁሉም ራስ ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ዞረና ቆመ።

ከዚያ ቀረቡ። ሰው የፉርጎ መስኮት ሲያይ እንደሚያደርገው አንገታቸውን ቀና አድርገው ያወሩ ጀመር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አልሰማሁም። ልብስ ሰፊው ሻንጣውን በሁለት እጁ ወደ ላይ አቀበለ፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ አወረደው። እናትሽ እጇን ዘርግታ አየር ላይ አንድ ነገር ዳበሰች፤ ከፍታው ያንቺ ፊት የሚሆንበት ነው፣ አንቺ ፉርጎ ላይ ሆነሽ እርሷ ከመሬት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምታ እንጂ። ምን ታስጠብቀዋለህ?» አለችኝ። ያ የድሮ ድምፅዋ ነው፣ የቤት አዛዥነቷ።

ሦስት መታሁ። እጃቸውን አውለበለቡ። ዓይናቸው መታጠፊያው ድረስ ተከተለ፣ ከዚያ ተመለሰ። እየተጨዋወቱ ወደ መንደሩ ሄዱ። ስለ ዱቄት ዋጋ ነበር የሚያወሩት። ልብስ ሰፊው ሻንጣውን ረስቶት ነበርና ይዤለት ተከተልሁ። ጠዋት ቦታ እንዲለቅ ሻንጣውን ገፋ ሳደርገው አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን በአንድ ጣቴ ያዝሁት።

የዚያን ዕለት እናትሽ ሁለት ጊዜ በላች፤ እስኪረፍድ ተኛች። አሁን ወፍራለች፣ ቀለበቷ ያለ ክር ይቀመጣል። ጎረቤቱን እንደ ድሮዋ በሳቅ ትገድላለች። የለመንሽኝ ሁሉ ተፈጽሟል።

ሁለተኛው ደብዳቤሽ ሲደርስ አነበብሁላት። ደስ ብሏት ሰማች። አልረሳችሽም፣ እንዳትሳሳቺ። የተወለድሽበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ጥርስሽን፣ ሁሉን ታውቃለች፤ ታወራዋለችም። ግን ያለቀ ነገር እንደሚወራ ነው የምታወራው።

«ሰኔ ላይ ትመጣለች እኮ» አልኋት።

«ጥሩ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው» አለችና ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች። ፊቷን ደጋግሜ አየሁት። የደበቀችው ነገር የለም። እዚያ የነበረው ናፍቆት ግን የለም።

ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ልብስ ሰፊው የልጁን ክፍል አከራይቷል። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ከልጇ የመጣላትን ደብዳቤ ሚዛኑ እንዳይወዛወዝ ከሥሩ አድርጋዋለች፤ አልተከፈተም። ክፉ አልሆኑም። ደስተኞች ናቸው። መንደሩ ሰላም ነው፣ ያስፈራኛል።

አሁን ራሴን ስመረምር አንድ ነገር አገኘሁ። እኔ ከወራጁ ሥር ነበርሁ፣ መዶሻ ይዤ፤ ጠርዙ ላይ አልቆምሁም። ስለዚህ ከእኔ የሄደ ነገር የለም። ሚስቴ እንደናፈቀችኝ ነው። አንቺም ትናፍቂኛለሽ። የተሳፈርሽ ዕለት እናትሽ ስታለቅስ እኔ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዋጥ አድርጌው ነበር፤ እስከ ዛሬ አለ።

አትቅሪ። እናትሽ በሩን ከፍታ እንደ ማንኛውም ደግ እንግዳ ታስተናግድሻለች፤ አትደንግጪ፣ ፊቷ ላይ ያጣሽውን አትጠይቂያት። አውቶቡሱ ከድልድዩ ወዲህ ነው የሚያቆመው። ቀኑን ጻፊልኝ፤ ደብዳቤው ቢዘገይም ግድ የለም፤ ሰኔ ከገባ ጀምሮ እዚያው ነኝ።

አጎትሽ